መዝመት ያልቻለ ወታደር ይሰናበት? ክርክር

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ለ12 ተከታታይ ወራት መዝመት ያልቻለ ወታደር ጉዳይ ለስንብት እንዲታይ ያዝዛል። ደጋፊው በዚያው ጦር ሃምሳ አለቃ ሆነው ያገለገሉ ናቸው፤ ተቃዋሚዋ የተሰናባቾችን የካሳ ማመልከቻ ያዘጋጃሉ።

ደጋፊው፦ ጦር የሚለካው በደሞዝ መዝገብ በሰፈረው ስም ብዛት ሳይሆን ትእዛዝ ሲመጣ ሊነሣ በሚችለው ሰው ነው። አንዱ ወገቡ ታሞ ሲቀር ግዳጁ አብሮት አይቀርም፤ ካለፈው ዘመቻ በቅርቡ የተመለሰና ልጆቹን በወጉ ያላየ ጓዱ ይሄድለታል። የተረኞችን ስም ዝርዝር ሳዘጋጅ ይህን ሸክም በእነዚያው ጤነኞች ላይ ደጋግሜ ጭኜአለሁ። 12 ወር ለማገገም በቂ ጊዜ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አለቆች ወታደሩን የማቆየት ሥልጣን አላቸው። በቦርድ መሰናበት ቅጣት አይደለም፤ የተጎዳው ካሳውን ይዞ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ይመለሳል።

ተቃዋሚዋ፦ «ካሳውን ይዞ» ያሉት የትኛውን ካሳ ነው? 20 ዓመት ያላገለገለ ወታደር፣ ለአገልግሎት ብቁ አይደለም ያሰኘው ጉዳት ከ30 በመቶ በታች ከተገመተ፣ ጡረታም ሆነ ለቤተሰቡ የጡረተኛ የጤና መድን አያገኝም፤ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት የሁለት ወር መሠረታዊ ደሞዝ ተሰልቶ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሸኛል። የወገብ ጉዳት እንዴት እንደሚገመት ልንገርዎ። ሐኪሙ ወታደሩን ወደ ፊት ያጎነብሰዋል፤ ከ30 ዲግሪ ማለፍ ካልቻለ 40 በመቶ፣ 35 ዲግሪ ከደረሰ 20 በመቶ ይባላል። ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ጥቂት ዝቅ ያለው ሰው፣ ወታደር እንደተማረው ስለቻለ፣ የዕድሜ ልክ ጡረታውን ያጣል። ይህ ቅጣት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ደጋፊው፦ እኅቴ፣ የተነሣንበት ጥያቄ ጦሩ ማንን ይያዝ የሚለው ነው። የ30 በመቶውን መስመር ያሰመረው የኮንግረስ ሕግ እንጂ የ2018ቱ መመሪያ አይደለም። ደግሞም በጦርነት ቀጠና ለተጎዱት ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ የስንብት ገንዘባቸው ከወርኃዊ ካሳቸው እንዳይቀነስ ተደንግጓል። ስለ ጤነኛው ወታደር ሸክም ያነሣሁትን ግን በዝምታ አልፈውታል።

ተቃዋሚዋ፦ በጦርነት ቀጠና ለተጎዱት አሉ። በልምምድ ዝላይ ወገቡ የተጎዳውስ? ለእርሱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያንን የስንብት ገንዘብ እስኪያካክስ ድረስ ለዚያው ጉዳት የሚከፍለውን ወርኃዊ ካሳ ይይዝበታል። ስለዚህ «ካሳውን ይዞ ይመለሳል» ያሉት ቃል ለብዙዎች እውነት አይደለም፤ እርስዎም እስካሁን አላረሙትም።

ደጋፊው፦ ከእኔ ጋር ስላገለገሉ ሰዎች የማያዝን አድርገው ስለሣሉኝ ቅር ብሎኛል። መስመሩ ዝቅ ይበል፣ የሚያዘው ገንዘብም ይቅር ቢሉኝ አብሬዎት እፈርማለሁ። ነገር ግን ካሳው ስላነሰ መዝመት የማይችል ሰው በጦሩ ውስጥ ስሙ ይቆይ ማለት የሕጉን ጉድለት ጤነኛው ወታደር ይክፈል ማለት ነው።

ተቃዋሚዋ፦ እንግዲያውስ ስለ ካሳው ተስማምተናል፤ ከዚህ በኋላ የምንከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ቦርዱ ብቁ አይደለህም በሚልበት በዚያው ሂደት የጉዳቱ መጠን ተቆርጦ ያልቃል፤ ወታደሩም ይህን ስለሚያውቅ ሕመሙን ለሐኪም ሳይናገር ኪኒን እየዋጠ ይዘምታል። ሃምሳ አለቃ ነበሩና ይህን አላየሁም አይሉኝም። እንዲህ ያለው ሰው በእርስዎ ዝርዝር ላይ ከጤነኞቹ ጋር ተቆጥሮ ነበር። ኮንግረስ ሕጉን እስኪያሻሽል ድረስ፣ በአገልግሎት ላይ የተጎዳ ወታደር በ12 ወር ገደብ መታየት የለበትም።