13 ሳምንት ማዋለጃ ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ ሀዋሳ አሞራ ገደል አሳ ልንበላ አራት ሆነን ተቀመጥን። አንዷ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች ነርስ ናት። እዚያ ስትሠራ የኖረችው የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና አዋቂ ሕሙማን ጋ ነው። አሳው ሳይቀርብ ወሬው ተጀመረ። ኤጀንሲዋ የ13 ሳምንት የትራቭል ነርስ፣ ማለትም ሰው በጎደለበት ሆስፒታል ለአጭር ጊዜ የምትሠራ ነርስ፣ ኮንትራት አምጥቶላታል። ክፍያው አሪፍ ነው። ክፍሉ ግን ማዋለጃ ነው፤ ሠርታበት አታውቅም።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢበት!» አለ ጤና መኮንኑ። «እኔ ገጠር ጤና ጣቢያ ስመደብ ማን አስተማረኝ? አዋልጃለሁ፣ ሰፍቻለሁ፣ ጥርስ ሁሉ ነቅያለሁ። ሰው እየሠራ ነው የሚለምደው።»

ሚድዋይፏ ሳቀች። 20 ዓመት ምጥ ላይ የቆመች ሴት ናት። አሳው ላይ ሎሚ እየጨመቀች ጠየቀቻት።

«እሺ እህቴ፣ አንዲት እናት ምጧ እንዲፋፋም ኦክሲቶሲን በድሪፕ እየወሰደች ነው እንበል። የልጁ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው መሆን ያለበት። ወደ 80 ወረደና አልመለስ አለ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሐኪም እጠራለኋ፣ ሲስተር!»

«እሱ እስኪመጣስ? መጀመሪያ ድሪፑን ዝጊያ! እናትየዋን በጎኗ አስተኚያት። ማህፀኑ ሲላላ ለልጁ ደም በደንብ ይደርሰዋል። እሱን እያደረግሽ ነው የምትጠሪው።» በሎሚ የራሰው አውራ ጣቷ አየር ላይ የሌለ ድሪፕ ሲዘጋ አየሁ። ሳይታወቃት ነው።

ጤና መኮንኑ አልተረታም። «ኦሪየንቴሽን ይሰጡ የለ እንዴ?»

«ለትራቭለር ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሺፍት ነው» አለች ነርሷ። «ኮምፒውተሩን፣ ዕቃው የት እንዳለ፣ በቃ።» ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሌላም ነገረችን። የኤጀንሲው ሰው የልምድ ፎርሙ ላይ «አልፎ አልፎ ሠርቻለሁ» የሚለውን እንድትሞላ መክሯታል።

እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው። ነርስ አይደለሁም፤ ግን ፍርዴ ከሚድዋይፏ ጋር ነው። ትራቭለር የሚቀጠረው ሰው ጎድሎ፣ ለማስተማር ጊዜ ጠፍቶ ነው። እዚያ ለማጅ ሲመጣ አንዷ ነባር ነርስ እሷን ልትጠብቅ ነው፤ የጎደለው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ጤና መኮንኑም ቢሆን ወዶ አልነበረም። ያኔ እሱ ባያዋልድ ሌላ አልነበረም። እዚያ ግን ሌላ አለ።

ማዋለድ ካማራት ቋሚ ሆና ትቀጠር። ቋሚን ለሳምንታት ከነባር ጋር አጣምረው ያሠራሉ። ዶላሩ ያንሳል። ይነስ።