ድንጋዩን አትንኩት፣ መኪናውን አስወጡት

ሮም ሄዶ ሳይክል ተከራይቶ ወደ ጥንታዊው የሮማውያን የድንጋይ መንገድ፣ ወደ አፒያ አንቲካ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቅሬታ ይዞ ይመለሳል። “መንገዱ ያማል።” እውነቱን ነው። መሪው እጅ ያደነዝዛል፣ ኮርቻውን ተዉት። የውሃ ጠርሙሴ ሁለቴ ዘሎ ወድቆ ሁለቴ ወርጄ አንስቼዋለሁ። አንዳንዱ ታዲያ ከዚህ ተነስቶ “ምናለ ዳር ዳሩን እንኳ አስፋልት ቢያለብሱት” ይላል። እኔ ግን ኧረ በፍጹም እላለሁ።

መንገዱ መሠራት የጀመረው በ312 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ያሠራው አፒየስ ክላውዲየስ የሚባል የሮም ሹም ሲሆን መንገዱም በስሙ ተጠርቶ ቀረ። መጀመሪያ እስከ ካፑዋ ነበር፣ ኋላ ላይ እስከ ብሪንዲሲ ወደብ ደረሰ። የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከአልባን ኮረብቶች እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ቅልጥ አለት እዚህ ድረስ መጥቶ ረግቷል፤ መንገዱ ራሱ የሚሄደው በዚያ የረጋ አለት ጀርባ ላይ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያየው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ፣ ድንጋዮቹ ከመግጠማቸው የተነሳ አብረው የበቀሉ ይመስላሉ ብሎ ጽፏል። ያኔ መንገዱ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ዛሬ በየመሃሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የፊት ጎማ እዚያ ከገባ ደግሞ አለቀ፣ መሬት ላይ ነዎት።

ስለዚህ ወረድኩ። የጥንቷን ሮማዊት እመቤት የቼቺሊያ ሜቴላን መቃብር አልፎ ያለውን ጥቂት መንገድ ሳይክሌን እየገፋሁ ሄድኩ። ክብ፣ ወፍራም፣ ግንብ የሚያህል መቃብር ነው። በመካከለኛው ዘመን ምሽግ አድርገውት ስለነበር አናቱ ላይ ጥርስ ጥርስ የመሰለ ግንብ ተጨምሮበታል። ሳይክል ላይ ብሆን ዓይኔ ከጎማው ስለማይነሳ ይህን ሁሉ አላየውም ነበር። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ጎንበስ ስል ደግሞ ድንጋዩ ላይ ጋሪ የቦረቦረውን ቦይ አየሁ። እጄን ከተትኩበት። ለስልሷል፣ በፀሐይ ሞቋል። ስንት ሺህ የብረት ጎማ ቢያልፍበት ነው ባዛልት እንዲህ የሚበላው?

አስፋልት ቢሆን ኖሮ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት እልፍ እል ነበር። ለነገሩ ከድንጋዩ ግራና ቀኝ ሳይክለኛው ራሱ እየነዳ ያወጣት ቀጭን የአፈር መንገድ አለች። በቃ፣ እሷ ትበቃለች።

ዳገት የናፈቀው ወደ ካፋሬላ ሸለቆ ይውረድ። መንገዱን የያዘው የአፒያ ፓርክ አካል ነው፣ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ቁልቁለቱ ደስ ይላል፣ ሽቅቡ ግን ማርሹን እስከ መጨረሻው ያስጨርሳል። ከታች አልሞኔ የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች፤ አለፍ ብሎ የኤጄሪያ ምንጭ የሚባለው በእንሽላሊትና በሐረግ የተያዘ ፍርስራሽ። እኔ ስደርስ የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶታል። በዋና ከተማ መሃል! ቆሜ አሳለፍኳቸው፣ እነሱም አልቸኮሉም።

ይህ ሁሉ እንዲሁ በነፃ አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሀብታሞች በየመቃብሩ ጎን ቪላ ሲገነቡ ጋዜጠኛው አንቶኒዮ ቼደርና ዓመታት ሙሉ ጮኸ። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1988 ነው፤ ዩኔስኮም መንገዱን በ2024 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

እና ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያናድደኝ ድንጋዩ አይደለም። ከሳን ሴባስቲያኖ፣ ከድሮው የከተማ ቅጥር በር፣ እስከ ኩዎ ቫዲስ ቤተ ክርስቲያን ያለው የመንገዱ የመጀመሪያ ቁራጭ ነው። ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ግንብ፣ እግረኛ የሚራመድበት ዳር የለው። እዚያ ላይ መኪና ወደ ሥራ ለመቸኮል አቋራጭ አድርጎታል። ሳይክለኛው ከግንቡ ጋር ተለጥፎ ትንፋሹን ይይዛል። እሁድ እሁድ የተወሰነው ክፍል ለመኪና ይዘጋል ይባላል። እሁድ መዝጋት ከተቻለ ሰኞ ምን ይከለክላል? የሠራተኛው መንገድ ይጠፋል የሚሉ አሉ። ይገባኛል። ግን ሃያ ሦስት ክፍለ ዘመን የቆየ መንገድ ለአሥር ደቂቃ መቆጠቢያ መዋል አለበት?

ለኛ ደግሞ ይህ መንገድ ባዕድ አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ የሮጠው በዚሁ ነው። ከምሽቱ ጨለማ ውስጥ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ወደ ከተማው ሲመጡ፣ አበበ ጥሎት የሄደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው። ሐውልቱ ያኔ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ጥንት አፒያ ይጀምርበት በነበረው ቦታ ቆሞ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ተዘርፎ ሄዶ በ2005 ተመለሰልን። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ።

እኔም ስመለስ በዚያው አቅጣጫ፣ አመሻሽ ላይ ነበር የገባሁት። እሱ ሲያልፍ ወታደሮች መንገድ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። ለእኔ ያበራልኝ ከኋላዬ ጡሩምባውን የሚነፋው መኪና ነው።