ቢንጎው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕጉስ?

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን፣ እኔ በምኖርበት የካሊፎርኒያ ከተማ አንድ ደብር ለሕንፃው ዕዳ መክፈያ የቢንጎ ምሽት አዘጋጅቶ ነበር፤ ቢንጎ የሚጠሩትን ቁጥሮች በካርዱ ላይ ቀድሞ ያሟላ ሰው የሚያሸንፍበት የዕድል ጨዋታ ነው። ከእራት በኋላ ካርዱ በአምስት ዶላር ይሸጥ ጀመር። ቁጥር የሚጠራው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት «ቢ ሰባት! ጂ ሃምሳ ሁለት!» ሲል፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የፈረንጁን ፊደል መከተል ስላቃታቸው ካርዳቸውን ለአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ሰጥተው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። ልጁ «ቢንጎ!» ብሎ ሲነሣ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። የግዛቲቱ የወንጀል ሕግ እንደተጣሰ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ሕጉን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሊፎርኒያ መራጮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ባጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ከተሞችና ካውንቲዎች ቢንጎን ለበጎ አድራጎት ብቻ እንዲፈቅዱ ሥልጣን ተሰጣቸው። ዝርዝሩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 326.5 ተቀምጧል። ጨዋታው ድርጅቱ በያዘው፣ በተከራየው ወይም እንዲጠቀምበት በተሰጠው ቦታ፣ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ መካሄድ አለበት፤ ተጫዋቹ በአካል መገኘት አለበት፤ የአንድ ዙር ሽልማት በገንዘብም ይሁን በዓይነት ከ500 ዶላር አይበልጥም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም አይሳተፍም። ከተማው ወይም ካውንቲው በደንብ ካልፈቀደ ደግሞ ጭራሹኑ አይጀመርም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጡት ግን ሁለት ናቸው ባይ ነኝ። አንደኛው፣ ጨዋታውን የሚያካሂዱት የድርጅቱ አባላት ብቻ ሆነው፣ ከጥበቃ ሠራተኛ በቀር ማንም ከገቢው ደመወዝ እንዳይቀበል መከልከሉ ነው፤ ይህን የተላለፈ እስከ 10,000 ዶላር ይቀጣል። ሁለተኛው፣ ከቢንጎ የተገኘው ትርፍ ከሌላ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ ለበጎ አድራጎት ብቻ እንዲውል ማዘዙ ነው። የብዙ ደብሮቻችን ጭቅጭቅ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው የዚህ ትእዛዝ ጥቅም አይጠፋውም። የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ የሚታመሰው፣ የስዕለቱ፣ የጨረታው፣ የአሥራቱና የሕንፃው ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ተደባልቆ የትኛው ለምን እንደዋለ መናገር የሚችል ሰው ሲጠፋ ነው። በቢንጎው ላይ መንግሥት ያዘዘንን እኛ በሌላው ገንዘባችን ላይ ፈቅደን ብናደርገው ኖሮ ስንት ፍርድ ቤት ከመመላለስ በዳንን።

በነገራችን ላይ ይኸው አንቀጽ ትልቅ ታሪክ አለው። ካባዞን የሚባለው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ጎሣ ተወላጆች በመሬታቸው ላይ ቢንጎ ሲያጫውቱ ካሊፎርኒያ የሽልማቱን ጣሪያና የነጻ አገልግሎቱን ግዴታ ልትጭንባቸው ሞክራ፣ በ1987 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች። ግዛቲቱ ቁማርን የምትቆጣጠር እንጂ ጨርሳ የምትከለክል ስላልሆነች ሕጓ በጎሣዎቹ መሬት ላይ አይሠራም ተባለ። በዓመቱ ኮንግረሱ የጎሣዎችን ቁማር የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ ዛሬ በየአውራ ጎዳናው ዳር የምናያቸው ታላላቅ ካዚኖዎች የተስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው። ደብሩ ግን እዚያው በሽልማት ጣሪያ ሥር ቀረ። እኔ በዚህ አልከፋም፤ ጣሪያው ከፍ ቢል ወደ አዳራሹ የሚመጣው ሰው ዓይነትም ይለወጥ ነበር።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ራፍል የምንለው የዕጣ ትኬት ነው። የአዲስ አበባ የደርሶ መልስ ትኬት ወይም መኪና ተሸላሚ ይሆንና፣ ማስታወቂያው በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ገንዘቡ በዜል ይላካል፣ ቁጥሩ በስልክ ይመጣል። በካሊፎርኒያ ራፍል የሚያዘጋጅ ድርጅት ከጠቅላላው ሽያጭ 90 በመቶውን ለበጎ አድራጎት ማዋል ይጠበቅበታል። በኢንተርኔት ማስተዋወቅ ይቻላል፤ ትኬቱን በኢንተርኔት መሸጥ ግን ክልክል ነው። «ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ማን ይከሰናል?» የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያንን ለመክሰስ የሚደፍር ሰው ማጣት ሕግን ማክበር አይደለም።

የፌደራሉ ግብር ደግሞ በዚሁ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከ1978 ወዲህ የበጎ አድራጎት ድርጅት የቢንጎ ገቢ እንደ ንግድ ተቆጥሮ ግብር የማይጣልበት፣ ጨዋታው የግዛቱን ሕግ ሲጠብቅና አሸናፊው ገንዘብ ባስያዙት ሁሉ ፊት ሲለይ ነው። የግዛቱ ሕግ ከተጣሰ የፌደራሉ ከለላም አብሮ ይቀራል። ካርድ ወይም ትኬት የገዛ ሰው የከፈለው ለማሸነፍ ዕድል ስለሆነ እንደ ስጦታ ከግብሩ አያስቀንሰውም። ለዚህ ክፍያ የስጦታ ደረሰኝ የሚጽፍ ሒሳብ ሹም በቅንነትም ቢሆን የሐሰት ሰነድ እየሰጠ ነው።

ቢንጎ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይውጣ የሚሉ ወገኖችን አከብራለሁ። ዩናይትድ ሜቶዲስት የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ቁማርን በማንኛውም መልኩ ይቃወማሉ፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብዙ ደብሮቿን በቢንጎ የደገፈችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በካቴኪዝሟ (በትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፏ) አንቀጽ 2413፣ የዕድል ጨዋታ በራሱ ፍትሕን እንደማይጻረር፣ ሰውን ለራሱና ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ሲያሳጣ ግን ተቀባይነት እንደሌለው ታስተምራለች። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። በአምስት ዶላር ካርድ የሚራቆት ቤተሰብ አላየሁም፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ጨዋታው ይቅር ሳይሆን፣ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፣ ልጆቹ በሌላ ክፍል ይቆዩ፣ ሒሳቡም ለብቻው ይከፈት የሚል ነው።

የዚያን ምሽት ልጁ ያሸነፈው 100 ዶላር ነበር። አያቱ ተቀብለውለት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ብሩን እንዳለ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከተቱት። ካርድ የገዛነው ሁሉ በር ላይ የስጦታ ደረሰኝ ተሰጥቶናል። ደረሰኙ በእውነት የሚገባው ያ 100 ዶላር ብቻ ነበር፤ እርሱን የመዘገበው ግን የለም።