«ምላሽ የለም» ብሎ ለመጻፍ አይቸኮል

አልጋው አጠገብ ቆሞ «እጄን ጨብጥ» ማለት፣ ሁለት ሰከንድ መጠበቅ፣ ካርዱ ላይ «ምላሽ የለም» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው አልጋ ማለፍ። ራሱን የሳተ ሰው ውስጡ ነቅቶ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሐኪሞቻቸው «ንቃት የላቸውም» ብለው የተስማሙባቸውን 44 ሕሙማን በወጉ ሲመረምር 18ቱ የንቃት ምልክት አሳይተዋል።

ኮማ ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑን አይገልጥም። ሳምንታት አልፈው ዓይኑን እየገለጠ፣ እየተኛ እየነቃ፣ ግን ስለ ራሱም ስለ ዙሪያውም ማወቁን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ያ ሌላ ሁኔታ ነው፤ ንቃት አልባ ሁኔታ እንበለው። ምልክቱ አንዴ ብቅ አንዴ ጥፍት ሲል ደግሞ ከፊል ንቃት ይባላል። (የአንጎል ሞት እዚህ ውስጥ አይገባም፤ እሱ ሞት ነው።) ጭንቁ ንቃት አልባውን ሁኔታ ከከፊል ንቃት መለየት ላይ ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ CRS-R) መስማትን፣ ማየትን፣ እንቅስቃሴን፣ አፍና ድምፅን፣ መግባባትንና የንቃት መጠንን ይፈትናል፤ ከ0 እስከ 23 ነጥብ ይሰጣል፣ ማሽን አይፈልግም። መጀመሪያ የማደንዘዣና የማረጋጊያ መድኃኒት መቼ እንደተሰጠ ይታያል። ታካሚው ቀና ይደረጋል፣ ብርድ ልብሱ ይገለጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ካንቀላፋ ከፊቱ እስከ እግሩ ጡንቻውን ጠበቅ አድርጎ በመጫን ይቀሰቀሳል። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ አንድ ደቂቃ ማየት ነው፤ እንዲሁ በራሱ የሚንቀሳቀስን ጣት «አንቀሳቅስ» ማለት ትርጉም የለውም። ትእዛዙ አራት ጊዜ ይደገማል፣ በየመካከሉ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ እየተጠበቀ። የተጎዳ አንጎል ቀርፋፋ ነው።

ማየትን ለመፈተን እስክሪብቶ ሳይሆን የእጅ መስታወት ነው የሚያዘው። ከፊቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች በዝግታ ይንቀሳቀሳል፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሌላ ነገር አልከተል ያለ ዓይን የራሱን ፊት ሊከተል ይችላል።

እጅ መጨበጥ ብቻውን አያሳምንም፤ መዳፍ ሲነካ ሳይታሰብ በራሱ የሚጨብጥ ሪፍሌክስ አለና። «ልቀቅ» ሲባል የሚለቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እንባ፣ ፈገግታና ጥርስ ማፋጨትም ሳይታሰብ ሊመጡ ይችላሉ፤ አስታማሚ አይቶ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም፣ ብቻቸውን ግን ማስረጃ አይሆኑም። በሌላ በኩል ጆሮው የማይሰማ፣ ቋንቋ የሚይዘው የአንጎሉ ክፍል የተጎዳ፣ ትኩሳት የያዘው፣ ወይም ሳይንፈራገጥ ውስጥ ለውስጥ የሚጥል በሽታ የተነሳበት ሰው ነቅቶም ዝም ይላል። ጨርሶ ነቅቶ ሳለ ከዓይኑ በቀር የሚታዘዝለት አካል የሌለውም አለ፤ «ወደ ላይ ተመልከት» ያላለው መርማሪ አያገኘውም። የጠዋቱና የከሰዓቱ ሰው ደግሞ አንድ አይደለም። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አምስት ጊዜ መመርመር ይገባል።

«ኤምአርአይ (አንጎል ሲሠራ የሚያሳይ የምስል ማሽን) ይነሳና ይለይለት» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ፣ በመኪና አደጋ ተጎድታ ምንም ምላሽ የማትሰጥ የ23 ዓመት ሴት «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ» ስትባል አንጎልዋ እንደ ጤነኛ ሰው ሲሠራ በዚህ ማሽን አይተዋል። በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናትም በኤምአርአይና የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ኢኢጂ፣ ትእዛዝ ከማይፈጽሙ 241 ሰዎች 60ው በአንጎላቸው ትእዛዙን ሲከተሉ አግኝቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ፣ ዓይን እያየ ትእዛዝ ከሚፈጽሙት 112 ሰዎች ማሽኖቹ የያዙት 43ቱን ብቻ ነበር። እንግዲህ ማሽኑ «አለ» ሲል እንመነው፤ «የለም» ሲል ግን ከግማሽ በላይ የነቁትንም እንደሚስት እናስታውስ። መስታወቱን ሳይዙ ማሽን መናፈቅ የሥራ ቅደም ተከተል አይደለም።

እስኪለይ ድረስ ቁስሉ ሲጠረግ ማስታገሻ ይሰጠው፣ ከመነካቱ በፊት ምን ሊደረግለት እንደሆነ ይነገረው፣ ስለ መዳን አለመዳኑ ከራስጌው ቆሞ አይወራ። ካርዱ ላይም በስንት ሰዓት፣ ማረጋጊያ ከወሰደ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ ምን እንደተጠየቀ፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰከንድ ልዩነት እንደሆነ ይጻፍ። ማታ የሚገባው ተረኛ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።