ይድረስ ለአዲሱ ዳቦ ቆሎ፣ ካለህበት ላስቲክ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህና ከመንጋጋችን በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆቱ የድሮው ጠባይህ ነው፤ መንጋጋው የአሁኑ ሥራህ።

ምጣድ ትተህ መጥበሻ ገባህ አሉ። ዘይት ውስጥ እየዋኘህ በ3 ደቂቃ ትቀላለህ። እንኳን ደስ ያለህ! ድሮ በስስ እሳት እየተማሰልክ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብህ ነበር፤ ያ ግማሽ ሰዓት ግን የሆድህ ውሃ መውጫ ነበር። አሁን ቆዳህ ቀልቶ ሆድህ እርጥብ ነው። በማግስቱ እርጥበቱ ወደ ቆዳህ ይወጣና መቆርጠሙ ቀርቶ ማላመጥ ይሆናል። አንዳንዴማ ዘይቱ ጠዋት ቆሮሶ ዓሣ ጠብሶ የዋለ ይመስል ትሸታለህ።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከማቡኪያው ነው። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 1 ብርጭቆ ዘይት፣ ከውሃው በፊት፣ ከደረቁ ዱቄት ጋር በእጅ ይታሻል። ዱቄቱ ዘይት ከለበሰ ሊጡ አይለጠጥም፤ ጥርስ ሲያርፍብህ ቀጭ ብለህ የምትሰበረው ለዚህ ነበር። ውሃው ከቀደመ ጎማ ነህ። አንተ ግን ዘይቱን ከሊጥህ ቆጥበህ ለመዋኛ አደረግኸው።

ስኳሩስ? 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃህ ነበር። ሲበዛ ቶሎ ያጠቁርሃል፤ ጠባሹም «በስሏል» ብሎ ያወጣሃል። በርበሬህን የት እንደጣልከው አንጠይቅም፤ መልክህ ቀይ ነው፣ ምላስ ላይ ግን ድምፅህ የለም። የሽምብራ ፍሬ ታክል የነበርከው ዛሬ ቴምር አክለሃል። ያን ያህል ወፍረህማ ምጣዱ ላይ ብትመለስም ውጭህ ያርራል እንጂ ውስጥህ አይደርቅም።

ደግሞ ሳትበርድ ላስቲክ ውስጥ ትታሰራለህ። እንፋሎትህ የላስቲኩን ግድግዳ ያልበዋል፣ ላቡ ተመልሶ አንተው ላይ ይንጠባጠባል። ሐምሌ ላይ የጣና እርጥብ አየር ሲጨመርበት አስበው! ቁንዝላ አድሮ ጎርጎራ ለሚገባ የጀልባ መንገደኛ ስንቅ የነበርክ፣ አሁን ከባሕር ዳር ወደብ ተነስተህ ዘጌ ሳትደርስ ትለዝዛለህ። ላስቲክህ ላይ ግን «ባህላዊ» ይላል። የየት አገር ባህል?

የዘጌ ቡና ሲፈላ የቡና ቁርሱ አንተ ነበርክ። እስክትመለስ ቦታህን ገብስ ቆሎና ሱፍ ይዘውልሃል፤ ሁለቱም ዋና አይችሉም።

አክባሪዎችህ፣
የጣና ዳር ቡና ጠጪዎች