ሦስት ጥይት ለመኮነን እንጂ ለማጽደቅ አይበቃም

ባለፈው ወር የጠመንጃ አፈሙዝ እየሠራ ለብቻው የሚሸጥ አንድ የአሜሪካ ፋብሪካ የዋስትና ወረቀቱን አሻሻልኩ አለ። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን ቱቦውን በሙሉ ማለቴ ነው። ወረቀቱ ቀድሞ «በመቶ ያርድ ርቀት አምስት ጥይት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ስፋት ውስጥ ያርፋል» ይል ነበር። ደቂቃ የሚሉት የዲግሪን ስልሳኛ እጅ ነው፤ በመቶ ያርድ ላይ 2.66 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን አምስት የሚለው ቀርቶ ሦስት ተብሏል። ብረቱ ያው ነው፣ ማሽኑ ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው።

ይህ አንሶ፣ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የተኩስ አስተማሪ በቪዲዮ ወጥቶ ፋብሪካውን አመሰገነ። «አዳኝ አራተኛ ጥይት አያስፈልገውም፤ አጋዘን ቆሞ አይጠብቅም» አለ። እዚህ ቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ ዒላማ የሚተኩሱ ሁለት ያገሬ ልጆች ይህንኑ እንደ ዳዊት ሲደግሙልኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

እስቲ አጋዘኑን እናስቀድም። ሦስቱ ጥይቶች ወረቀቱን በስተው፣ ከኋላው ካለው የአፈር ግድብ ውስጥ ተቀብረው ቀርተዋል። ወደ አጋዘኑ የሚሄደው ሌላ ጥይት ነው። ምንጊዜም የሚሄደው ገና ያልተተኮሰው ነው። አዳኝ ማወቅ የሚፈልገው ሦስቱ የት እንዳረፉ ሳይሆን ቀጣዩ የት እንደሚያርፍ ነው። አስተማሪው አያስፈልግም ብሎ የጣለው አራተኛ ጥይት፣ አጋዘኑን ሳንባው ላይ ወይም አንጀቱ ላይ የሚያገኘው እርሱው ነው። የአጋዘን ደረት ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ለውጥ አያመጣም የሚሉም አሉ። ይሁን። ታዲያ ፋብሪካው ከጠመንጃው ጋር የመጣውን አፈሙዝ አስወልቆ ስድስት መቶ ዶላር የሚያስከፍለን ስለ ምን ኖሯል?

ይህን ሁሉ የምናገረው ከሜዳ ዳር ቆሜ አይደለም። ባለፈው መከር ከዚያው ፋብሪካ አፈሙዝ ገዝቼ ሥራውን በሚያውቅ ጠመንጃ ሠሪ አስገጠምኩት። በሁለት ቅዳሜ ሠላሳ ጥይት ተኮስኩ፤ ሦስት ሦስት እያደረግሁ አሥር ጊዜ። ጥይቱ ሁሉ ከአንድ ምርት ነው፤ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፏል፤ በየሦስቱ መካከል አፈሙዙ በእጅ እስኪያዝ ድረስ እንዲቀዘቅዝ ጠብቄያለሁ። በየሦስቱ የፊቱን ወረቀት እለውጣለሁ፤ ከሥሩ የለጠፍኩትን ሌላ ወረቀት ግን አልነካውም። የፊቶቹ ወረቀቶች ሦስት ሦስት ቀዳዳ ይዘው ይወርዳሉ፣ የሥረኛው ደግሞ ሁሉንም ይመዘግባል።

ከአሥሩ ወረቀቶች ምርጡ ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተው በአንዲት የጌሾ ቅጠል የሚሸፈኑ ሆነዋል፤ ከመሐል እስከ መሐል ስለካው 1.3 ሴንቲ ሜትር። ግማሽ ደቂቃ ማለት ነው። ሰው ይህን ወረቀት ይቆርጥና ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ እንዲህ የሚያደርጉ አውቃለሁ። ከአሥሩ የከፋው 4.1 ሴንቲ ሜትር ነበር። ያው አፈሙዝ፣ ያው ጥይት፣ ያው ትከሻ። የአሥሩ አማካይ 2.6 ሴንቲ ሜትር መጣ። የሥረኛውን ወረቀት ነቅዬ ስለካው ሠላሳው ቀዳዳ 5.2 ሴንቲ ሜትር ላይ ተበትኗል። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

የእኔ አፈሙዝ ታዲያ የቱ ነው? ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ወይስ ሁለት? ነጋዴው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ያነሣል።

ነገሩ የዕድል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አለካኩ ራሱ ያዳላል። የጥይት ስብስብ የሚለካው እጅግ በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ቢኖርም ባይኖርም ቁጥሩ ያው ነው። ጥይት በጨመርክ ቁጥር ግን ከእስካሁኑ ይበልጥ የሚርቅ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል፣ ስብስቡም ይሰፋል። አፈሙዙ ስለተበላሸ አይደለም፤ እውነተኛ ጠባዩ እየተገለጠ ስለሄደ ነው። ስሌቱ የታወቀ ነው። አንድ አፈሙዝ በአምስት ጥይት የሚሰጠው አማካይ ስፋት በሦስት ከሚሰጠው 1.27 እጥፍ ነው፤ በአሥር ጥይት ወደ 1.6 እጥፍ ይጠጋል። ገልብጠን እናንብበው። ፋብሪካው ከአምስት ወደ ሦስት ሲወርድ አፈሙዙ ሁሉ በአንድ ሌሊት አንድ አምስተኛ ያህል «ተሻሻለ»፤ አንዲት ብናኝ ብረት ሳይነካ። ቁናውን አሳንሶ እህሌ በረከተ የሚል ነጋዴ ገበያ ላይ ብናገኘው ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን።

ቁናው ሲያንስ ደግሞ ማጭበርበሩ ይቀላል። ሦስት ተኩሶ አንዱ ከራቀ «እጄ ተንቀጠቀጠች፣ ያቺ አትቆጠርም» ይባላል። ከሦስት አንዱን መጣል የምስክሩን ሲሶ አፍ እንደማስያዝ ነው። አዎ፣ እጅ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። ግን በጣም የቀረበችውን ጥይት «እጄ ተንቀጥቅጣ ነው መሐል የገባችው» ብሎ የጣለ ተኳሽ አይቼ አላውቅም። ፍራንክሊን ማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ይህ ምክንያት አንገፍግፎት፣ አፈሙዙን ከነጭራሹ ከሰው ትከሻ አወረደው። ከግንብ ምሰሶ ጋር በታሰረ የብረት ማቀፊያ ላይ አጋድሞ ለዓመታት ተኮሰ። እጅ የለ፣ ትንፋሽ የለ፣ ትከሻ የለ፤ ጥይቱ ግን መበተኑን አልተወም። ጥፋቱ ሁሉ የተኳሹ አለመሆኑ ያኔውኑ ታይቷል።

«ብዙ ከተኮስክ አፈሙዙ ይሞቃል» የሚለው መከራከሪያም አለ። ማን አጣደፈህ? አቀዝቅዘህ ተኩስ። እንዲያውም በሞቀ ቁጥር ጥይቱን ወደ አንድ ጎን የሚወስድ አፈሙዝ፣ ሲሠራ በብረቱ ውስጥ የቀረ ውጥረት እንዳለበት ይጠረጠራል። ስድስት መቶ ዶላር የከፈልኩት ያ ውጥረት እንዲወገድልኝ ስለሆነ መደበቅ ሳይሆን መለካት ያለበት እርሱ ነው።

ጥይቱን የሚያሽከረክረው የአፈሙዙ የውስጥ ቦይ በቢላ ተፋቀ፣ በጠንካራ ብረት ተጎትቶ ወጣ ወይስ በመዶሻ ተቀጠቀጠ የሚለውን ክርክር ለወደደው እተዋለሁ። በሦስቱም መንገድ ግሩም አፈሙዝ ይሠራል፣ በሦስቱም ቆሻሻ ይሠራል። ማኅተምም አያጽናናኝ። የእንግሊዙ በርሚንግሃም ከ1813 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈሙዝ የሚፈተንበት ቤት አለው፤ በዓለም አቀፉ የመሣሪያ ፍተሻ ስምምነት የታሰሩ አገሮችም ከወትሮው በበረታ ግፊት እየተኮሱ ይፈትናሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ያ ማኅተም አይፈነዳም ይላል እንጂ አይስትም አይልም።

ጠባብ ፈተና ምን ያህል እንደሚያሞኝ ማየት የሚፈልግ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ የሆነውን የኤም 16ን ታሪክ ይመልከት። የመጀመሪያዎቹ አፈሙዞች ውስጥ ቦዩ አንድ ዙር የሚዞረው በ14 ኢንች ነበር፤ ደኅና አየር ባለበት ሜዳ ቅር የሚል አልነበረም። ብርቱ ብርድ ውስጥ ሲሞከር ግን አየሩ ስለሚከብድ ያ ዙር ጥይቱን አጽንቶ መያዝ አቃተው፣ ጥይቱም ተበተነ። በ1963 እ.ኤ.አ. ዙሩ ወደ 12 ኢንች እንዲጠብቅ ተወሰነ። አፈሙዙ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው የጥያቄው ስፋት ነው።

ሙያው ያላቸው ይህን አያጡትም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር መጽሔት ጠመንጃ ሲፈትን አምስት አምስት ጥይት አምስት ጊዜ ተኩሶ አማካዩን ያትማል። በኦሊምፒኩ የ50 ሜትር ውድድር የአሥር ነጥቧ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ለእርሷ የሚዘጋጁ ተኳሾች ለአፈሙዛቸው የሚስማማውን የጥይት ምርት ሲመርጡ በሦስት ጥይት የሚወስን የለም። በደርዘን እየተኮሱ ይመርጣሉ። ሦስት ጥይት በቂ የሚሆነው ለሚሸጠው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልተውላቸው። ሦስት ጥይት ለመኮነን ይበቃል። ሦስቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ ከተበተኑ አራተኛውን መጠበቅ ጥይት ማባከን ነው። ጎጃም ያሉት አጎቴ ምንሽር ሲገዙ መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንተው በአንድ ዓይናቸው ያዩበታል፤ ከዚያ የጥይቱን ሹል በጫፉ በኩል ይሰኩበታል። እስከ ቀለሁ አንገት ድረስ ከዋጠው «ይህስ ጥርሱ አልቋል» ብለው ለሻጩ ይመልሱለታል። ካልዋጠው ግን «ይመታል» አይሉም። «እንየው» ይላሉ፤ ደግመው ደጋግመው የሚተኩሱትም ከዚያ በኋላ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው የለዩትን፣ መሐንዲስ የሚቀጥር ፋብሪካ እንዴት አልለየውም? ለይቶታል እንጂ።

ከፋብሪካው የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ሠላሳ ጥይት ይተኩስ፣ የሥረኛውን ወረቀት ሳይመርጥ ከአፈሙዙ ጋር ጠቅልሎ ይላክ። ስፋቱ ሁለት ደቂቃ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ይበል፤ አውቄ እገዛዋለሁ። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ከመሐል ያለውን ርቀት አማካይ ቢጽፍበት ደግሞ ይበልጥ እመሰግነዋለሁ፤ ያ ልኬት ሁሉንም ጥይት ይቆጥራል፣ ማንንም አያባርርም።

ይህንኑ በደብዳቤ ጽፌ፣ የአሥሩንም ወረቀቶች የሥረኛውንም ፎቶ አያይዤ ልኬላቸው ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ ትሕትና የተሞላበት ነው። ከላኩላቸው ውስጥ አንዱ ስብስብ 1.3 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አይተው እጅግ መደሰታቸውን፣ አፈሙዜ ከተሰጠው ዋስትና በእጥፍ የተሻለ መሆኑን ገልጸው፣ ያችን አንዷን ፎቶ ለማስታወቂያ ለመጠቀም ፈቃዴን ጠይቀውኛል።