ውድ ዳክ ከመግዛታችሁ በፊት

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ፣ በተወደደ ቁጥር ድምፁ ያምራል ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እዚህ ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ የምጠቀመው የጆሮ ማዳመጫን ከዩኤስቢ ሲ ጋር የምታገናኘውን የአፕልን ትንሿን ገመድ ነው። አሜሪካ 9 ዶላር ነው የምትሸጠው። ዳኩ እዚያችው ውስጥ ነው ያለው። ለሲዲ ጥራት፣ ማለትም ለ16 ቢትና ለ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ከበቂ በላይ ናት። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ድምፅዋ ዝቅ ስለሚል መጀመሪያ ሞክሯት።

እኔን ያማረረኝ ሌላ ነገር ነበር። ማታ ከጣና በኩል ነፋሱ ሲመጣ መስኮቱን ከፍቼ ማሲንቆ መስማት እወዳለሁ። ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ስሰካው ግን ስፒከሩ "ዝዝዝ" ይላል። ቻርጀሩን ስነቅለው ጸጥ! ይሄ የዳኩ ጥፋት አይደለም፤ ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ነው። ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ (ለስፒከሩ ድምፁን የሚያጎላው ዕቃ) በኤሌክትሪኩም በድምፅ ገመዱም ስለሚገናኙ የማይፈለግ ኤሌክትሪክ ይዞራል። 500 ዶላር ከፍላችሁ ሌላ ዳክ በዩኤስቢ ብትሰኩም ዝዝታው ሊቀጥል ይችላል። ላፕቶፑንና አምፕሊፋየሩን በአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ስሰካቸው ቀነሰልኝ እንጂ አልጠፋም።

የገላገለኝ ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ርካሽ ዳክ ነው። ኦፕቲካል ገመድ የሚያስተላልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። ስለዚህ ድምፁን ከላፕቶፑ በቀጥታ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ወደ ዳኩ አስገባሁት፤ ዝዝታው ድራሹ ጠፋ። የተረፈችውን ብር ስፒከር ላይ አዋልኳት፤ ልዩነቱን በደንብ የምትሰሙት እዚያ ነው። አሁን የማሲንቆው ጭራ ከጭራ ሲፋተግ ሳይቀር ይሰማኛል።